እጅና አንጀት፦ በፓርኪንሰን ሕመም ለሚመጣ የሆድ ድርቀት እሽታ ምን ይጠቅማል?

መግቢያ

የፓርኪንሰን በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። እኔም የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ጀምሬ ሁለተኛ ዓመት እስክደርስ ድረስ ከዚህ የተለየ ግንዛቤ አልነበረኝም። አጎቴ በዚህ ሕመም ሦስት ዓመት ሲቸገሩ፣ ለዕረፍት በሄድኩ ቁጥር «አያ፣ እጅዎ እንዴት ሆነ?» እያልኩ እጠይቃቸው ነበር። እሳቸውን የሚያስጨንቃቸው ግን እጃቸው ሳይሆን ሆዳቸው እንደነበረ የገባኝ ባለፈው ክረምት ነው። በዚህ ጽሑፍ የፓርኪንሰን በሽታ ሆድን ለምን እንደሚያውክ፣ በእጅ የሚደረግ የሆድ እሽታ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ እንዲሁም መቼ ፈጽሞ መደረግ እንደሌለበት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በፎገራ ሜዳ ያየሁት

አካባቢውን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ልበል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከከተማዋ ወደ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚተኙበት ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲነካው እግር ይይዛል። ጤነኛው ሰው እንኳ በሐምሌና በነሐሴ ከደጁ ርቆ ለመሄድ ዱላ ይፈልጋል። እግሩ ለተሳሰረ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ደግሞ ክረምቱ ማለት ቤት ውስጥ መቀመጥ ነው።

አጎቴ መጀመሪያ እርምጃቸው ሲያጥር ጎረቤቱ ሁሉ «ጓያ ሰብሯቸው ነው» አለ። ይህ ከመሬት የተነሳ ግምት አይደለም። ፎገራና ደምቢያ ጓያ በብዛት በመብላት የሚመጣው የእግር ሽባነት የታወቀባቸው አካባቢዎች ናቸው፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ያጠኑትም በዚሁ ስፍራ ነው። ነገር ግን ጓያ የሚይዘው ሁለቱን እግር ነው፤ እጅን በዕረፍት ላይ እያለ አያንቀጠቅጥም፣ ድምፅንም አያሳንስም። የአጎቴ ሕመም ፓርኪንሰን መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ በነሐሴ፣ ልክ ፍልሰታ ጾም ላይ፣ ቤታቸው ስደርስ አጎቴ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ሆዳቸው ተነፍቷል። ባለቤታቸው ወደ ጓሮ ጠርተው በሹክሹክታ «ሜዳ ከወጣ ዛሬ ስድስት ቀኑ ነው፤ ለሰው አትንገሪ ብሎኝ ነው» አሉኝ። ቀስ በቀስ ስጠይቃቸው ነገሩ ሁሉ ተያያዘ። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት መሄድ ስለሚከብዳቸው ውኃ መጠጣት ቀንሰዋል። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይይዛሉ። ኪኒኑን በአንድ ጉንጭ ውኃ ይውጡታል። ድሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እግራቸውን የሚፈታላቸው ኪኒን አሁን ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይሠራም። «መድኃኒቱ ሰውነቴን ለመደው» ይላሉ።

በዚህ መሃል ሁለት ነገሮች ተደርገው ነበር። አንደኛ፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምራቸው የሆነ ሰው ፕላሲል የተባለውን ኪኒን ገዝቶ ሰጣቸው፤ ከዚያ ወዲህ መላ አካላታቸው ይበልጥ ግትር አለ። ሁለተኛ፣ ወጌሻ ተጠርቶ ሆዳቸውን በቅቤ አሸ። እንደ ወለምታ ጠንከር አድርጎ ስለተጫናቸው ጮኸው አስቆሙት። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሁሉም የሚያውቀውን ነው ያደረገው። ጥያቄው እኛ የጤና ተማሪዎች ምን እናውቃለን? የሚለው ነው።

ፓርኪንሰን ለምን ሆድ ውስጥ ይገባል?

በሽታው ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ይህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1817 ስድስት ሕመምተኞችን ገልጾ ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ስለ መንቀጥቀጡ ብቻ ሳይሆን ስለ አንጀት መድከምም ጽፏል። ማለትም የሆድ ድርቀቱ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ አለ።

አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት አሉ። በፓርኪንሰን በሽታ እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ እንቅስቃሴም ይዘገያል፣ ጡንቻም ይገተራል። ሆኖም ጉዳቱ አንጎል ላይ ብቻ አይቆምም። አንጀት በግድግዳው ውስጥ የራሱ የነርቭ መረብ አለው፤ ምግብን ወደፊት የሚገፋው በዚህ መረብ ትእዛዝ ነው። በበሽታው ጊዜ አንጎል ውስጥ የሚከማቸው አልፋ ሳይኑክሊን የተባለው ፕሮቲን በአንጀት ነርቮችም ውስጥ ተገኝቷል። ጀርመናዊው የአንጎል ተመራማሪ ሃይኮ ብራክ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዲያውም በሽታው ከሆድ ጀምሮ በቬገስ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል የሚል መላምት አቀረበ። መላምቱ እስከዛሬ ያከራክራል። የሆድ ድርቀቱ ከመንቀጥቀጡ ብዙ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል ግን የሚደግፉ ጥናቶች አሉ። ለምሳሌ በሃዋይ ደሴቶች 6,790 ወንዶችን ለ24 ዓመታት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ጥናት፣ በቀን ከአንድ ጊዜ በታች ሰገራ የሚወጡት በቀን አንድ ጊዜ ከሚወጡት ይልቅ በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው 2.7 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ማለት ሆዱ የደረቀ ሁሉ ፓርኪንሰን ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ የድርቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ሰውም በዚህ በሽታ አይያዝም።

በሽታው በሆድ ዕቃ ላይ የሚያመጣው ችግር በአራት ሊከፈል ይችላል።

1ኛ. መዋጥ ይዘገያል፤ ምራቅ በአፍ ውስጥ ይጠራቀማል።
2ኛ. ጨጓራ ምግብን ቶሎ አይለቅም፤ ሰውየው ጥቂት በልቶ ይጠግባል፣ ያቅለሸልሸዋል።
3ኛ. ትልቁ አንጀት ይፈዛል፤ ሰገራው ብዙ ሲቆይ ውኃው ተመጦ ይደርቃል።
4ኛ. በመጨረሻው መውጫ ላይ ያሉት ጡንቻዎች መላላት ሲገባቸው ይጨብጣሉ፤ ሰውየው ቢያምጥም አይወጣለትም።

እዚህ ላይ የአጎቴ ኪኒን ነገር ይፈታል። ሌቮዶፓ የተባለው ዋነኛ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ነው። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ከጨጓራ መውጣት አለበት። ጨጓራው ካልለቀቀው ኪኒኑ ተውጦም እንዳልተዋጠ ነው። ስለዚህ «መድኃኒቱ ሰውነቴን ለመደው» ከማለት በፊት «መድኃኒቱ መንገድ አግኝቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለፓርኪንሰን የሆድ ሕመም የጎን ጉዳይ አይደለም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

እጅ ምን ይሠራል?

የሆድ እሽታ ሐሳቡ ቀላል ነው። ትልቁ አንጀት የሚጀምረው በቀኝ በኩል ከታች፣ ትርፍ አንጀት ካለበት ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ጎድን ይወጣል፣ በእንብርት በላይ ወደ ግራ ይሻገራል፣ በግራ በኩል ይወርዳል። እጅ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ቀስ እያለ ሲጫን የአንጀቱ ግድግዳ ይለጠጣል፤ ግድግዳው ሲለጠጥ ደግሞ ለመጨበጥና ለመግፋት ይነቃቃል ተብሎ ይታሰባል። በዚህ ላይ ሰውነት ሲረጋጋ የምግብ መፍጨቱ ሥራም ይቀናል።

ጥናቶቹስ ምን ይላሉ? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ውጤቱ ልከኛ ነው። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት የሆድ ድርቀት ያለባቸውን 60 ሰዎች ለስምንት ሳምንት ተከታትሎ፣ የሆድ እሽታ ያገኙት ሕመማቸው እንደቀለለና ቶሎ ቶሎ እንደወጡ አሳይቷል፤ የሚወስዱት የማለስለሻ መድኃኒት ግን አልቀነሰም። በስኮትላንድ በዶሪን ማክለርግ የተመራው ቡድን ደግሞ በቀጥታ በፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ 32 ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ የአመጋገብና የአኗኗር ምክር ብቻ፣ ግማሾቹ ምክርና እሽታ ለስድስት ሳምንት አገኙ። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን «እሽታው በርግጥ ይበልጣል» ለማለት የሚበቃ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እሽታ ፓርኪንሰንን አያድንም፤ መንቀጥቀጥን አያቆምም፤ ዶፓሚንን አይመልስም። «በእጄ ፓርኪንሰን አድናለሁ» የሚል ሰው ቢገኝ እያታለለ ነው። ነገር ግን ከውኃ፣ ከምግብና ከመድኃኒት ጋር ሲደረግ ብዙ ሰው የሚታገሠው፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ቤተሰብ ሊማረው የሚችል ረዳት ነው።

አሠራሩ

በቤት የሚደረገው እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ ጤና ባለሙያ ሆዱን መርምሮ ችግር እንደሌለ ማረጋገጥ አለበት።

• ሰውየው መጀመሪያ ሽንቱን ይሽና። ምግብ ከበላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያለፈው ይሁን።
• በጀርባው ይተኛ፤ ከራሱ ሥር ትራስ፣ ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ይደረግለት። ጉልበቱ ሲታጠፍ የሆዱ ጡንቻ ይላላል።
• የሚያሸው ሰው እጁን ይታጠብ፣ ጥፍሩን ይቁረጥ፣ መዳፉን ያሙቅ። ቅባት ጥቂት ይበቃል።
• መጀመሪያ መዳፍን ሆድ ላይ አሳርፎ ጥቂት እስትንፋስ ያህል መቆየት፤ ሆዱ እጁን ይልመደው።
• ቀጥሎ ከቀኝ ዳሌ አጥንት አጠገብ ተነስቶ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ታች፤ ማለትም ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ማሸት። ወደ ኋላ መመለስ የለም።
• ከዚያ በዚያው መንገድ ለስላሳ ሊጥ እንደሚያቦኩ ያህል በቀስታ መጫንና መልቀቅ። በመጨረሻ በመዳፍ ጥቂት ማርገብገብ።
• ጠቅላላው አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል። ያመመው ቦታ ላይ አይገፋም።

ቁርስ ወይም ትኩስ ነገር ከተወሰደ በኋላ አንጀት በተፈጥሮው ይነቃል። ስለዚህ ጠዋት ታሽቶ፣ ቁርስ በልቶ፣ ሳይቸኩል ሽንት ቤት መቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው። ቁጢጥ ማለት ለአንጀት ምቹ አቀማመጥ ቢሆንም ጉልበቱ የተሳሰረ ሰው ሊወድቅ ይችላል። እኛ መሃሉ የተቦረቦረ ዝቅ ያለ የእንጨት መቀመጫ አሠራንላቸው፤ ከግድግዳውም ላይ መያዣ እንጨት ተመታ። ከላይ በ4ኛ ተራ ቁጥር ለጠቀስኩት ችግር ከእሽታው ይልቅ ይህ አቀማመጥ ይረዳል።

መቼ አይታሽም?

ከጽሑፌ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህን ያንብብልኝ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ ጎንደርን ጨምሮ፣ የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ከተለመዱት የአንጀት መዘጋት ምክንያቶች አንዱ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየ የሆድ ድርቀት ያለባቸው የፓርኪንሰን ሕሙማንም ለዚህ ይጋለጣሉ። የተጠመዘዘ አንጀት በእሽታ አይፈታም፤ ማሸቱ ጊዜ ያባክናል፣ ጉዳትም ያደርሳል። ስለዚህ፦

ሆድ በድንገት ተነፍቶ ከጠጠረ፣ ሰውየው ፈስ እንኳ ማውጣት ካቃተው፣ ካስታወከው፣ ቁርጠቱ ከበረታ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ሰገራው ደም ካለበት፣ እጅ ሳይነካው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። እንዲሁም በቅርብ ሆዱ የተቀደደ፣ ቡአ ያለበት፣ ሆዱ ውስጥ ዕጢ ወይም የደም ሥር ማበጥ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይታሽም።

እኔም አጎቴን ከማሸቴ በፊት መጀመሪያ ያደረግሁት በባጃጅ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነበር። አንጀታቸው እንዳልተዘጋ ታየ፣ የደረቀው ሰገራ በመድኃኒት ወጣላቸው፣ ፕላሲሉም እንዲቆም ተነገራቸው። ፕላሲል ሜቶክሎፕራማይድ ነው፤ ዶፓሚንን ስለሚያግድ ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ አይሆንም። አርቴን የሚባለው ኪኒንም ለመንቀጥቀጥ ቢታዘዝም አንጀትን ያደርቃል፤ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ መንገር አለበት። ነገር ግን ማንም ሰው የፓርኪንሰን መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ በድንገት አያቁም፤ ይህ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል።

ከእጅ በተጨማሪ

በፎገራ ሩዝ ከገባ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በወረታ መንገድ ዳር የሩዝ መፈልፈያዎች ተደርድረዋል፤ እንጀራውም በብዙ ቤት ሩዝና ጤፍ ተቀላቅሎ ይጋገራል። ሩዝ አገሩን ጠቅሟል፤ ይህ አያጠያይቅም። ነገር ግን የተፈተገ ነጭ ሩዝ ገለባው ስለወጣ ለአንጀት የሚሆን አሰር የለውም ማለት ይቻላል። ለአጎቴ ቤት ያልነው ቀላል ነው፦ ለእሳቸው የሚጋገረው ጤፉ ይብዛ፣ ጎመንና አትክልት ይጨመር። ተልባም በብዙ ውኃ ተበጥብጦ ይጠጣ፤ መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው ግን ይጠንቀቅ፣ ከኪኒኑ ሰዓትም ይራቅ። ኪኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም አንድ ሰዓት ዘግይቶ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይወሰድ፤ ምክንያቱም የሽሮው፣ የባቄላው፣ የሥጋው ፕሮቲን ከሌቮዶፓ ጋር በአንድ በር ይጋፋል።

የጾሙ ነገር ግን የእኔ ቃል አልበቃውም። አጎቴ «ለኪኒን ብዬ ፍልሰታን ልሻር?» አሉኝ። የንስሐ አባታቸውን ጠራናቸው። «የታመመ ሰው መድኃኒቱን በውኃ ቢወስድ ጾም ሻረ አይባልም፤ ይልቅ ራስህን አትግደል» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ነው ብርጭቆውን የጨረሱት።

ወጌሻውም እንደገና መጥቶ ነበር። የምሠራውን ቁጭ ብሎ ካየ በኋላ «እኔ የማውቀው አጥንት ነው፤ ሆድ አጥንት የለውም፤ ለካ እጅ መቅለል አለበት» አለኝ። አስታወክሁ፣ ሆዴ ጠጠረ የሚል ሰው ሲመጣለት ሳይነካ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልክ ተነጋግረናል። በየገጠሩ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነውና ይህ ስምምነት ትንሽ ነገር አይደለም።

ምን ተለወጠ?

ባለቤታቸው አሠራሩን በሦስት ቀን ውስጥ ተማሩ፤ ከእኔ ይልቅ የእሳቸው እጅ ለስላሳ ሆነ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አጎቴ በሁለት ቀን አንዴ ሜዳ መውጣት ጀመሩ። ኪኒኑም በብዙ ቀኖች ቶሎ ይይዝላቸው ጀመር። መንቀጥቀጡ ግን እንደነበረ ነው፤ አንዳንድ ጠዋትም እግራቸው እንደተያዘ ይነሳሉ። ታዲያ ይህን ለውጥ ያመጣው እሽታው ነው? እንዲህ ብዬ ብጽፍ መምህሮቼ ይታዘቡኛል። ውኃውን፣ ምግቡን፣ የኪኒኑን ሰዓት፣ መቀመጫውንና እሽታውን በአንድ ላይ ነው የለወጥነው፤ ፕላሲሉንም አስቁመናል። በስኮትላንድም ምክር ብቻ ያገኙት ሰዎች ተሽሏቸው እንደነበር አንርሳ።

አንድ ነገር ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በፊት የሆዱ ጉዳይ የሚያሳፍር ምስጢር ነበር። አሁን በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ አንድ ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ሆዳቸውን በእጁ ያውቀዋል። ቢጠጥር የሚያውቅ ሰው አለ። ስድስት ቀን በዝምታ አያልፍም።

ማጠቃለያ

በቡታጅራ ገጠር 60,820 ሰዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የእነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ጥናት በ100,000 ሰው 7 የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አግኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሰው ዕድሜ ሲረዝም የዚህ በሽታ ሕመምተኛም ይበዛል። በአዲስ አበባ ራሳቸው ሕመምተኛ በሆኑት በወ/ሮ ክብራ ከበደ የተመሠረተው የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ስለ በሽታው ኅብረተሰቡን በማስተማር ይታወቃል። እንደ ፎገራ ባለ ቦታ ግን ይህን ትምህርት ይዞ ቤት መግባት የእኛ ድርሻ ነው።

ለተማሪ ጓደኞቼ የማስተላልፈው መልእክት አጭር ነው። ለተግባር ልምምድ ስትወጡ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ቢገጥማችሁ የእጁን መንቀጥቀጥና የእርምጃውን ርዝመት ብቻ ለክታችሁ አትመለሱ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በአክብሮት፣ «ሜዳ ከወጡ ስንት ቀን ሆነዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። አጎቴን ያንን ጥያቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔም ጭምር።